ለአንድ ጠዋት የወፍ ምልከታ፦ ሐይቅ፣ ጨፋ፣ የጎፍ ወይስ ጦሳ?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ አድሮ ጠዋቱን ወፍ በማየት ለማሳለፍ የሚፈልግ ሰው ምክር ሲጠይቅ የሚሰማው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ሐይቅ ሂድ» ይሉታል። ክፉ ምክር አይደለም። ችግሩ ምን ማየት እንደሚፈልግ፣ በየትኛው ወር እንደመጣና ከማን ጋር እንደሚሄድ ማንም ሳይጠይቀው መልሱ መሰጠቱ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከደሴ ተነሥቶ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ቦርከና ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ ካፖርቱን አውልቆ እጅጌውን መሰብሰቡ አይቀርም። ከአየሩ ጋር ወፉም ይለወጣል። ደጋው ገደል ላይ የሚያንዣብበውን አሞራ ረግረጉ ውስጥ መፈለግ፣ ረግረጉ ውስጥ የሚርመሰመሰውን ነጭ ወፍ ደን ውስጥ መጠበቅ ጠዋትን ማባከን ነው።

ኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች የተመዘገቡባት አገር ናት። ብዛቱ ጀማሪውን ያጓጓዋል፤ የት እንደሚጀምር ግን አይነግረውም። ስለዚህ ከቦታዎቹ በፊት መመዘኛዎቹን እናስቀምጥ።

በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መመዘኛ ቦታው የዓይን ነው ወይስ የጆሮ የሚለው ነው። ረግረግና ሐይቅ የዓይን ቦታዎች ናቸው፤ ወፉ ሜዳ ላይ ወይም ውሃ ላይ ስለሚውል ሩቅም ቢሆን ይታያል። ደን የጆሮ ቦታ ነው። መጀመሪያ ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ቅጠል ይነቃነቃል፣ ወፉ ራሱ ከታየ ለጥቂት ቅጽበት ነው። ትዕግሥቱ የሌለውን ሰው ደን ቶሎ ያሰለቸዋል፤ የለመደውን ደግሞ ሐይቅ ዳር መቆም አያረካውም።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። በእኛ አካባቢ ፀሐይ እንደ ወሩ ከንጋቱ 12 ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ እስከ 12 ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ ጥቂት ዘግየት ብሎ ትወጣለች። የደን ወፍ ዝማሬውን የሚያሰማው በዚያው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ፀሐይዋ ስትበረታ ዝም ይላል። የውሃ ወፍ እንዲህ አይቸኩልም፤ እስከ ረፋድ ድረስ እዚያው ሲበላና ሲዋኝ ይገኛል። ይህች ልዩነት ትንሽ ብትመስልም ዕቅዱን ሁሉ የምትወስን ናት። በአንድ ጠዋት ደንም ውሃም ማየት የሚፈልግ ሰው ደኑን ማስቀደም አለበት። የተገላቢጦሹን ያደረገ ደኑ ውስጥ ሲደርስ የሚጠብቀው የራሱ የእግር ኮቴ ነው።

ሦስተኛው የብርሃን አቅጣጫ ነው። ፀሐይ ከፊት ከሆነች ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆናል፤ ቀለሙም ዝርያውም አይለይም። አራተኛው ወቅት ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ወፎች ከመስከረም እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ እኛው ዘንድ ናቸው። ክረምት ላይ እነርሱ የሉም፤ መንገዱም ጭቃ ነው። የአገሬው ወፍ ግን በዝናቡና ዝናቡን ተከትሎ ባሉት ሳምንታት ጎጆ ስለሚሠራ ያኔ በጣም ያምራል። ወሎ በልግ የሚዘንብበት አገር ስለሆነ የካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያም ጭቃ ሊኖራቸው እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

የቀሩት ሁለቱ፣ ድካምና ወጪ፣ ማብራሪያ አያሻቸውም።

ሐይቅ፦ ጥልቁ ውሃ

የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከደሴ መናኸሪያ ሚኒባስ አይጠፋም። ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ሲኖረው ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ይደርሳል። ይህ የጥልቀት ቁጥር ለጎብኚ ጌጥ ይመስላል፤ ለወፍ ተመልካች ግን ዋናው መረጃ ነው። ዳርቻው ቶሎ ስለሚጠልቅ በረጅም እግራቸው ጭቃ ውስጥ እየተራመዱ ለሚለቅሙ ወፎች የሚሆነው ስፍራ ጠባብ ነው። በአንጻሩ ጠልቆ ዓሣ ለሚይዝ ወፍ ተስማሚ ነው። ክንፉን ዘርግቶ ድንጋይ ላይ የሚያደርቀውን ጥቁሩን ኮርሞራንት፣ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ በኋላ ተወርውሮ የሚገባውን ጥቁርና ነጭ ዓሣ አጥማጅ ወፍ፣ ጩኸቱ ከወዲያ ማዶ የሚሰማውን ነጭ ራስ የዓሣ ንስር እዚህ ፈልጉ። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ወደ ሐይቁ የገባው በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ዛሬ ለወፉም ለምግብ ቤቱም ተርፏል።

የሐይቅ ድክመት ብርሃኑ ነው፤ ይህንን የሚያስጠነቅቅ ሰው ደግሞ ብዙ አይገኝም። ከተማውና ዋናው መንገድ ከሐይቁ በስተ ምዕራብ ስለሆኑ ማልዶ ዳርቻው ላይ የቆመ ሰው የሚያየው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ፀሐይዋ ነው። ውሃው እንደ መስተዋት ያንጸባርቃል፤ ወፎቹም ጥቁር ነጥቦች ይሆናሉ። መፍትሔው በደቡቡ ዳርቻ መጓዝ ነው፤ ብርሃኑ ያኔ ከጎን ይሆናል። ከአርዲቦ የሚወርደው ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት አካባቢም ደለል ስላለው ከሌላው ዳርቻ ይልቅ ለረጅም እግር ወፎች ይመቻል። ሌላው አማራጭ አለመቸኮል ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከፍ ስትል ነጸብራቁ ይቀንሳል፤ ብዙ ከዘገያችሁ ግን ነፋስ ተነሥቶ ውሃውን ያናውጠዋል።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ የመሠረቱት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ወደ ውሃው የገባ ምድር ዛፉ ስለተጠበቀ የደን ወፎችም ይገኙበታል። ሴቶች ግን ወደ ገዳሙ አይገቡም። ወንድና ሴት ተቀላቅሎ የሚሄድ ቡድን ይህንን አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ገዳሙ በር ላይ ደርሶ ግማሹን ሰው ማስቀረት ጠዋቱንም ወዳጅነቱንም ያበላሻል። የሚገቡትም ቢሆኑ ከአባቶች ፈቃድ ሳይጠይቁ ባይኖኩላር (ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽር) ማውጣት የለባቸውም።

አርዲቦ፦ ጸጥተኛው ታናሽ

ከሐይቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ብሎ የሚገኘው አርዲቦ ውሃውን ወደ ታላቅ ወንድሙ የሚልክ ነው። ወፎቹ በአመዛኙ ተመሳሳይ ናቸው፤ ሰው ግን ያነሰ ነው። ከዋናው አስፋልት ስለሚርቅ የኮንትራት መኪና ወይም ረጅም የእግር መንገድ ይጠይቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ ሰው ወጪውን የሚያካክስ አዲስ ነገር አያገኝበትም። ሐይቅን አይቶ የጠገበ ወይም ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ጫጫታ የማይፈልግ ሰው ይሂድበት።

ጨፋ፦ ሜዳው ረግረግ

የእኔ ሚዛን ለጀማሪ ወደዚህ ያደላል። ከኮምቦልቻ በስተ ደቡብ ሐርቡን አልፎ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ሰፊ ረግረግ ተዘርግቷል። ከፍታው ወደ 1,450 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ፀሐይዋ ከፍ ስትል ሙቀቱ አይጣል ነው። ውሃው ጥልቅ ስላልሆነ፣ ቄጠማውና ፊላውም ስለበዛ፣ ሐይቅ ያጣው ሁሉ እዚህ ሞልቷል። ከከብት እግር ሥር የማይጠፋው ነጭ ወፍ፣ ራሱና አንገቱ ጥቁር የሆነው ነጭ ኢቢስ፣ መላጣው አባ ኮዳ በቀላሉ ይታያሉ። በበጋ ወራት ሽመላዎች ያርፋሉ፤ ከሰሜን የመጡ ጅራተ ረጅም ቢጫ ወፎች በላሞቹ መካከል ጅራታቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ይሮጣሉ፤ ፊላው ላይ ዝቅ ብሎ የሚያንዣብብ ጭልፊትም አይጠፋም።

ለጀማሪ የምመርጠው በሦስት ምክንያት ነው። ወፉ ትልቅ ነው፤ በግልጽ ቦታ ይቆማል፤ ለረጅም ጊዜ አይንቀሳቀስም። ዓይኑን ያላሠለጠነ ሰው የሚፈልገው ይህንን ነው። መጽሐፍ ገልጦ ከምስሉ ጋር እስኪያስተያይ ድረስ ወፉ እዚያው ይጠብቀዋል።

መጥፎ ጎንም አለው። ቦርከና በኮምቦልቻ በኩል ሲያልፍ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ ይቀላቀልበታል፤ ለከተማው በቀረበው ክፍል ሽታው ያባርራል። ስለዚህ ከከተማው ዳር መቆሙን ትታችሁ ሐርቡን እለፉ። ሁለተኛ፣ ጨፋ ባዶ መሬት አይደለም። በደረቅ ወራት አርብቶ አደሮች፣ አፋሮችም ጭምር፣ ከብትና ግመል ይዘው ይወርዳሉ፤ የአካባቢው ገበሬም ያርስበታል። ሰላምታ ሰጥቶ፣ ወዴት መሄድ እንደሚቻል ጠይቆ መግባት ግዴታ ነው። ሦስተኛ፣ ወባ አለ፤ እንዲህ ባለ ዝግ ውሃ ቢልሃርዚያም ሊኖር ስለሚችል በባዶ እግር መግባት ክልክል ብላችሁ ያዙት። ቦት ጫማ ይዛችሁ ሂዱ።

የጎፍ፦ የጥድ ደን

ከኮምቦልቻ በስተ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የሚታየው የየጎፍ ተራራ የአገር ጥድና ወይራ የቀረበት፣ በዙሪያው ደግሞ የፈረንጅ ጥድና ባሕር ዛፍ የተተከለበት ነው። ሁለቱን የጥድ ዓይነቶች መለየት እዚህ ከባይኖኩላር ይበልጣል። የፈረንጅ ጥድ በመስመር የተተከለ፣ ሥሩ ጨለማና ባዶ ነው፤ ወፍ አለ ከተባለ ጥቂት ነው። ባሕር ዛፉም ከዚህ ብዙ አይሻልም። የአገር ጥድ ግን ግንዱ የተጣመመ፣ ቅርንጫፉ ላይ የዛፍ ሽበት የተንጠለጠለበት፣ ሥሩ በቁጥቋጦ የተሞላ ነው፤ ፍሬውን የሚወድ ወፍም ብዙ ነው። ከርቀት አረንጓዴ ስላየ ብቻ ከተተከለው ክፍል ገብቶ «ወፍ የለም» ብሎ የሚመለስ ሰው አለ።

በአገር ጥድና በወይራ ውስጥ የሚፈለጉት፦ ግንባሩ ቀይ ክንፉ ጥቁር የሆነው ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን፣ ራሱ ጥቁር ሆኖ ሰውነቱ ወርቃማ የሆነው ወፍ፣ እንዲሁም ነጭ ጉንጭ ያለው ቱራኮ። ቱራኮ ሲቀመጥ አረንጓዴና ሰማያዊ ይመስላል፤ ሲበርር ግን ክንፉ ደማቅ ቀይ ይሆናል። ያ ቀይ ቀለም መዳብ ያለበት ነው፤ በቱራኮ ቤተሰብ ብቻ የሚገኝ ነው። ግንደ ቆርቁርም ድምፁ ይመራችኋል።

ብርሃኑ እዚህ ይመቻል። ከኮምቦልቻ በኩል ሽቅብ ስትወጡ የማለዳ ፀሐይ ከጀርባችሁ ሆና ፊት ለፊት ያለውን ዛፍ ታበራለች። ድካሙ ግን ቀልድ አይደለም፤ ዳገት ነው። ደኑ ጥበቃ ስላለው ከመግባታችሁ በፊት ጠባቂዎቹን ወይም የቀበሌውን ሰው አነጋግሩ፤ አካባቢውን የሚያውቅ ወጣት ይዞ መሄድ ደግሞ ትክክለኛውን የአገር ጥድ ክፍል ለማግኘት የሚከፈል ተገቢ ዋጋ ነው።

ጦሳና ቦሩ ሜዳ፦ ለደጋ ወዳጅ

ደሴ ያደረ፣ መኪና የሌለው፣ ገንዘቡንም ማውጣት የማይፈልግ ሰው ወደ ጦሳ ቀና ይበል። ተራራው ከከተማው በስተ ምዕራብ ስለሆነ የማለዳ ብርሃን ሙሉ ለሙሉ ያርፍበታል። በገደሉ ላይ ወፍራም ምንቃር ያለው ትልቁ ቁራ፣ ማጅራቷ ላይ ነጭ ምልክት ያላት የደጋ ርግብ፣ ጥንብ አንሳዎችም ይታያሉ። አጥንት ከከፍታ ላይ ለቅቆ ድንጋይ ላይ ሰብሮ የሚበላው ትልቁ አሞራ ካለፈ ጠዋቱ ተከፍሏል። ባሕር ዛፍ የበዛበት ክፍል ግን ተስፋ አይጣልበት።

ቦሩ ሜዳ ከደሴ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያካሄዱበት ሜዳ መሆኑን የታሪክ ወዳጆች ያውቃሉ። ሜዳው ከክረምት በኋላ ሲረጥብ እንደ ጋጋኖ ላሉ ሣር ውስጥ ለሚለቅሙ የደጋ ወፎች ይመቻል። ጋጋኖን መፈለግ አያስፈልግም፤ ጎሕ ሲቀድ በቡድን እየጮኸ ሲያልፍ የተኛውን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍታዎች ውጭ የማይገኝ ነው፤ እኛ ግን ስለለመድነው ቀና ብለን አናየውም። ብርዱን አትናቁ፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ አለ።

በአንድ እይታ

| ቦታ | መነሻ | በዋናነት የሚታየው | የተሻለ ሰዓት | የተሻለ ወቅት | ድካም | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሐይቅ | ደሴ | ዓሣ የሚበሉ ወፎች፣ የዓሣ ንስር | ከ3 ሰዓት ጀምሮ፣ ነፋስ ሳይነሣ | ከጥቅምት እስከ ጥር | ትንሽ | መካከለኛ |
| አርዲቦ | ደሴ ወይም ሐይቅ | እንደ ሐይቅ፣ በጸጥታ | ማለዳ | ከጥቅምት እስከ ጥር | መካከለኛ | ከፍተኛ |
| ጨፋ | ኮምቦልቻ | ረጅም እግር ወፎች፣ ከሰሜን የሚመጡ | ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል | ከኅዳር እስከ የካቲት | ትንሽ፣ ግን ሙቀት | ዝቅተኛ |
| የጎፍ | ኮምቦልቻ | በቀቀን፣ ቱራኮ፣ ግንደ ቆርቁር | ጎሕ ሲቀድ | መስከረምና ጥቅምት፣ በጋውንም | ብዙ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |
| ጦሳና ቦሩ ሜዳ | ደሴ | አሞራዎች፣ ቁራ፣ ጋጋኖ | ማለዳ፤ አሞራ ለማየት ረፋድ | ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ | መካከለኛ | በጣም ዝቅተኛ |

ስለ አሞራ ያልኩት ረፋድ ያለ ምክንያት አይደለም። ትልልቅ አሞራዎች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ለመንሳፈፍ ከመሬት የሚነሣ ሞቃት አየር ይፈልጋሉ፤ ያ አየር ደግሞ ፀሐይ መሬቱን ሳታሞቅ አይነሣም።

ስለ ባይኖኩላር

መሣሪያው ላይ እንደ 8×42 ያለ ቁጥር ይጻፋል። የመጀመሪያው ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊተኛው መስተዋት ስፋት በሚሊ ሜትር ስንት እንደሆነ ይነግራል። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ብታካፍሉ ወደ ዓይን የሚገባውን የብርሃን ቀዳዳ ስፋት ታገኛላችሁ። 8×42 ከ5 ሚሊ ሜትር ትንሽ በላይ፣ 10×42 ደግሞ 4.2 ሚሊ ሜትር ይሰጣል፤ በየሱቁ የሚሸጠው ኪስ ውስጥ የሚገባው 10×25 ግን 2.5 ብቻ ነው። ለቀትር ይበቃል፤ ለጎሕና ለደን ግን ጨለማ ነው። ለሐይቅ ብቻ የሚገዛ ሰው 10 እጥፍ ቢመርጥ አልፈርድበትም። የጎፍንም ጨፋንም በአንድ መሣሪያ ማየት የሚፈልግ ግን 8 እጥፍ ይግዛ፤ እይታው ይሰፋል፣ የእጅ መንቀጥቀጥም ያንሳል። ሁለተኛ እጅ ስትገዙ ሩቅ ያለ የማስታወቂያ ሰሌዳ ተመልከቱበት። ጽሑፉ ሁለት ሆኖ ከታየ ወይም ዓይናችሁን ካመማችሁ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት።

ባይኖኩላር በአደባባይ ሲወጣ ጥያቄ ያስነሣል። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ወደ ወታደር ካምፕ፣ ወደ ድልድይ ወይም ወደ ቴሌ ማማ አታዙሩ። መታወቂያ ያዙ። የመንገዱን የሰሞኑን ሁኔታ ከመናኸሪያው ሹፌሮች ጠይቁ፤ ከማንም የተሻለ ያውቃሉ። ሜዳ ላይ ቆማችሁ «ምን ጠፋባችሁ?» የሚል እረኛ ከመጣ ባይኖኩላሩን አቀብሉት፤ ጥርጣሬው በዚያው ያልቃል፤ ወፉ የት እንደሚያድርም ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ለማን የትኛው?

ልጆች ላሉት ቤተሰብ ሐይቅ ነው። ጠዋት መጣደፍ የለም፤ ጀልባ አለ፣ ዓሣ አለ፣ ልጅ ቢጮህም ወፉ ሩቅ ውሃ ላይ ስለሆነ አይጨነቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ባይኖኩላር የያዘ ወጣት ኮምቦልቻ አድሮ በማለዳው ሚኒባስ ወደ ጨፋ ይሂድ። ገንዘብ የሌለው የደሴ ተማሪ ጦሳን በእግሩ ይውጣ፤ ሁለት ጓደኛ ይዞ ግን። በአገራችን ብቻ ወይም በእኛና በጎረቤታችን ብቻ የሚገኙትን ወፎች የሚያሳድድ ሰው ጨፋንና ሐይቅን ትቶ የጎፍንና ቦሩ ሜዳን ይያዝ፤ የእነዚህ ወፎች አገር ከፍታው ነውና። ጉልበት የሚያማቸው እናትና አባት ይዞ የሚሄድ ሰው ከመኪና ሳይወርድ ማየት የሚችለው ከከሚሴው መንገድ ዳር ነው።

ሁሉንም በአንድ ጠዋት ለሚፈልግ፦ ኮምቦልቻ እደሩ፤ ማታውኑ ከባጃጅ ሹፌር ጋር ዋጋ ተስማሙ፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ የጎፍ ሥር ድረሱ። ከአገር ጥዱ ጋር እስከ 2 ሰዓት ተኩል ቆዩ። ከዚያ ወርዳችሁ ወደ ሐርቡ የሚሄድ ሚኒባስ ያዙ፤ 4 ሰዓት ሳይሆን ጨፋ ትደርሳላችሁ፤ ሙቀቱ ከመበርታቱ በፊት አንድ ሰዓት ያህል ይተርፋችኋል። በመንገድ ላይ «ግቡ፣ ቡና ጠጡ» የሚል ካጋጠማችሁ በወሎ እምቢ ማለት ይከብዳል፤ ሦስቱም ሲኒ ስለማይቀር ለተመለሳችሁ ጊዜ ቀጠሮ ያዙለት።